ቢሮ ቁጭ ብዬ ቤቴን ከፈትኩት!

«ብቻሽን ነሽ ብዬ እኮ ነው በጊዜ የመጣሁት» አልኳት። በእጄ አንድ ኪሎ ብርቱካንና ከሰፈራችን ኬክ ቤት የገዛሁትን ሁለት ቁራጭ ኬክ ይዣለሁ። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል። በነዚህ ሁለት ዓመታት ከሥራ በጊዜ ገብቼ፣ ያውም እጄን ሳላጥፍ፣ አላውቅም። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ብርቱካኑን ሳትቀበለኝ ቆማ አየችኝና...

«ብቻዬን መሆኔን ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ማንም አልነገረኝም። አንብቤው ነው። ያነበብኩትም ለእኔ ያልተጻፈ ደብዳቤ ነው። ቦርሳዋን በርብሬ ወይም ስልኳን ከፍቼ እንዳይመስላችሁ። ቦሌ ካለው ቢሮዬ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ጀሞ ያለውን የቤታችንን ኮምፒውተር ስክሪን እያየሁ ነው ያነበብኩት።

ቤት ያለን ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ መክፈት ይቻላል። ከባድም አይደለም፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። ግን እንደኔ ተቻኩላችሁ ከሠራችሁት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነው ነገሩ። እኔ የተማርኩት ትዳሬን አሳስቤ ነው። እናንተ ይህን አንብባችሁ ብትማሩት ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ

ሥራዬ ዲዛይን ነው። ቀን ቀን ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ቤቴ ውስጥ የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ የምርቃት ፖስተር፣ የሱቅ ባነር ምናምን እየሠራሁ ኪሴን እደጉማለሁ። ባለቤቴ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ በሆነች ጊዜ እኔ ስወጣ እሷ ትገባለች፣ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። በር ላይ ተሳስመን ብቻ የምንለያይባቸው ሳምንታት አሉ።

የቤታችን ኮምፒውተር ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ነው። ዊንዶውስ ሲጫንበት እያቃሰተ ስላስቸገረኝ አንድ ወዳጄ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫነልኝ። ለማታውቁት፣ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው፣ ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች እየተጋገዙ የሚያሳድጉት ነጻ ሥራ ነው። ኡቡንቱ ደግሞ በሊኑክስ ላይ ተመሥርቶ ለተራው ሰው እንዲመች ሆኖ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣ ነው። ክፈሉኝ አይልም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ለማተሚያ ቤት የማስረክበውን የሰርግ ካርድ ፋይል ቤት ረስቼው ወጣሁ። ሙሽሮቹ ካርዱን ለቅዳሜ ይፈልጉታል። ወደ ቤት ብደውል ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ ገብታ ስልኳን አጥፍታ ተኝታለች። ምን ይደረግ? ከቦሌ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጀሞ። የታክሲ ሰልፍ፣ የመንገዱ መጨናነቅ... ሄጄ እስክመለስ ግማሽ ቀኔ አለቀ። አለቃዬም ፊቱን አጠቆረብኝ። ማታ ቤት እንደገባሁ «ሁለተኛ ለአንድ ፋይል ብዬ ከተማ አላቋርጥም!» ብዬ ማልኩ።

ቡና ማፍያውን ያዩት ሰዎች

ይሄ «ሪሞት ዴስክቶፕ» የሚባለው ነገር አሠራሩ ቀላል ነው። የቤታችሁ ኮምፒውተር የስክሪኑን ምስል በኢንተርኔት ይልክላችኋል። እናንተ ደግሞ ያላችሁበት ቦታ ሆናችሁ ማውስ ስታንቀሳቅሱና ስትጽፉ እንቅስቃሴው ወደ ቤት ይሄዳል። ሥራው የሚሠራው እዚያው ቤት ነው፤ እናንተ የምታዩት ምስሉን ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማ የነበረ አንድ የኦሊቬቲና የኦራክል የምርምር ላቦራቶሪ ቪኤንሲ የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ለፈለገ ሁሉ በነጻ ለቆታል። ከሠሪዎቹ አንዱ ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘር ይባላል። ይህ ሰው ከዚያ በፊት የሠራው አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በ1991 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የሠራተኞቹ ቡና ማፍያ ያለው ሌላ ክፍል ነበር። ቡና አማራቸውና ሲሄዱ ባዶ ሆኖ ያገኙታል። ቢቸግራቸው እሱና ባልደረባው ካሜራ አነጣጠሩበት! ከዚያ ወዲህ ሁሉም ከጠረጴዛው ሳይነሳ ቡናው መኖሩን ያይ ጀመር። ካሜራው ኋላ በ1993 ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ዓለም ሁሉ ሲያየው ቆይቶ በ2001 ተዘጋ።

ይህንን ሳነብ ሳቅሁ። «ለቡና የተደረገ ለእኔ ፋይል የማይደረግበት ምክንያት የለም» አልኩ። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ቡና ማፍያ ቢያዩት አይቀየምም።

በአንድ ማታ ያለቀ ሥራ

የኛ ኡቡንቱ 24.04 የሚባለው ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ሪሞት ዴስክቶፕ» ስትሉ ሁለት ምርጫ ይመጣል። አንደኛው «ዴስክቶፕ ሼሪንግ» ነው። ይህ ስክሪኑ ላይ ያለውን እንዳለ ያሳያል። ቤት ያለው ሰው የሚያየውን እናንተም ታያላችሁ፣ ማውሱንም ትጋሩታላችሁ። ሁለተኛው «ሪሞት ሎግኢን» ነው። ይህኛው ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰው ሳይነካ ለእናንተ የራሳችሁን መግቢያ ይከፍታል።

እኔ የቱን መረጥኩ? የመጀመሪያውን። ለምን ብትሉኝ መልስ የለኝም፤ መጀመሪያ ላይ ስለተጻፈ ነው።

ኡቡንቱ ለዚህ የሚጠቀመው አርዲፒ የተባለውን የማይክሮሶፍት መግባቢያ ነው። ስለዚህ የቢሮዬ ዊንዶውስ ላይ ምንም መጫን አላስፈለገኝም፤ መገናኛው አብሮት የመጣ ነው። ቀጥሎ የቤቱን ራውተር ከፈትኩና ከውጭ የሚመጣ ሰው እንዲገባ ሁለት «ፖርት» ከፈትኩ። ፖርት ማለት የኮምፒውተር በር ቁጥር በሉት። 3389 የአርዲፒ በር ነው። 22 ደግሞ ኤስኤስኤች የሚባለው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚገባበት በር ነው። እሱን የከፈትኩት «ምናልባት ካስፈለገ» ብዬ ነው።

ስክሪኑ ሲቆለፍ ማጋራቱ እምቢ አለኝ። እንግዲያው ብዬ የስክሪን መቆለፊያውንም አጠፋሁት። የይለፍ ቃሉ የባለቤቴ ስምና 123 ነው። አትሳቁ! የብዙዎቻችሁም ከዚህ አይርቅም። ቢሮ ስገባ ደግሞ በየጊዜው መጻፉ ሰልችቶኝ «አስታውሰኝ» የሚለውን ነካሁ።

በማግስቱ ቢሮ ቁጭ ብዬ አንዴ ብነካው የቤቴ ስክሪን ከች! የሰርጋችን ፎቶ ከኋላ፣ ፋይሎቼ ከፊት። እጄን ከቦሌ ጀሞ የዘረጋሁ ያህል ተሰማኝ። ለባልደረቦቼ ጉራዬን ነዛሁ። ለባለቤቴስ? ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ልደብቃት ብዬ አይደለም። እሷን የሚመለከት ነገር ነው ብዬ ለአፍታ እንኳ ስላላሰብኩ ነው።

ደብዳቤው

በስድስተኛው ሳምንት ግድም ነው። ከምሳ በኋላ አንድ የባነር ፋይል ላወጣ ገባሁ። ስክሪኑ ሲመጣ ፊት ለፊቴ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ቁጭ ብሏል። ባለቤቴ ዱባይ ላለችው ታላቅ እህቷ በኢሜይል ልትልከው የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። ስልክ ላይ ረጅም ነገር መጻፍ አትወድም። ጀምራው ወደ ማድ ቤት ብቅ ብላ ይሆናል፤ ማውሱ አይንቀሳቀስም። መቆለፊያውን እኔው አጥፍቼዋለሁና ደብዳቤው እንደተከፈተ ቀርቷል።

እንግዲህ ልክ የሆነው ነገር ምን ነበር? በአንድ ሰከንድ መዝጋት። እኔ ግን አነበብኩ። «...ቤት ውስጥ ሁለት ሆነን እኔ ብቻዬን ነኝ። በጊዜ ቢገባም ከኔ ይልቅ የሚያየው ስክሪኑን ነው...» ይላል። አንብቤ አላቆምኩም። ማውሱን ይዤ ወደ ታች ወረድኩና ሁለተኛውን ገጽም ጨረስኩት። በሁለተኛው ገጽ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። የእሷ ነው።

ወንበሬ ላይ ላብ አጠመቀኝ። ፋይሉን ረሳሁት። አለቃዬን አስፈቅጄ ብርቱካንና ኬክ ገዝቼ ገሰገስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

«የዚህኛውን ቁልፍ ግን ብቻህን ያዝከው»

ልዋሽ አልቻልኩም። ነገርኳት። «ስንት ጊዜ አየኸኝ?» አለችኝ። እኔ እሷን ለማየት ገብቼ አላውቅም፤ የምገባው ለፋይል ነው። ግን በገባሁ ቁጥር እሷ እዚያ ስትሠራ፣ ስትጽፍ፣ ስታነብ ያለፈ ነገር በዓይኔ መጥቷል። ቁጥሩን አላውቀውም አልኳት። እውነትም አላውቀውም።

«ስክሪኑ ላይ ከላይ የሆነች ትንሽ ምልክት ትመጣ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነው ብዬ ነበር።» ምልክቷ ሰው ከሩቅ እያየ መሆኑን ኡቡንቱ የሚያስታውቅባት ናት። ኮምፒውተሩ ሊነግራት ሞክሯል፤ እኔ ነኝ ያልነገርኳት!

ከዚያ ያለችኝን መቼም አልረሳውም። «ይህንን ቤት ስንከራይ ቁልፉን አስቀርጸን አንድ አንድ ያዝን። የዚህኛውን ቁልፍ ግን ብቻህን ያዝከው። ደግሞስ... ከአንተ ሌላ ማን ያየኛል?»

«ማንም» ልል አፌን ከፈትኩና ቀጥ አልኩ። የቢሮዬን ኮምፒውተር ከእኔ ሌላ ሁለት ሰዎች ይጠቀሙበታል። የይለፍ ቃሉ ደግሞ ተቀምጦበታል። አንዴ መንካት ብቻ ነው የሚቀራቸው!

ተነሥታ ሶኬቱን ነቀለችው። ኮምፒውተሩን በአሮጌ ነጠላ ሸፈነችው። ሦስት ሳምንት እንደተሸፈነ ከረመ። እኛም እንደዚሁ ተሸፋፍነን ከረምን።

በሩን ማን ያንኳኳ ነበር?

በሦስተኛው ሳምንት «ከአንተ ሌላ ማን?» የሚለው ጥያቄዋ እንቅልፍ ስለነሳኝ ሊኑክሱን የጫነልኝን ወዳጄን ቤት ጠራሁት። እሷም አብራን ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ ማን መቼ ከየት እንደሞከረ የሚመዘግብበት ፋይል አለ፤ እሱን ከፈተው። ጉድ ነው! ገጹ አያልቅም። በ22 ቁጥር በር በኩል «ሩት» ብሎ የሞከረ፣ «አድሚን» ብሎ የሞከረ፣ «ቴስት» ብሎ የሞከረ... ሌሊቱን ሙሉ፣ በየሰከንዱ፣ ከማናውቀው አገር።

«ማን ጠልቶን ነው?» አለች ባለቤቴ። ወዳጄ ሳቀ። «ማንም አያውቃችሁም። ይሄ ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። የዓለምን በር ሁሉ እየዞረ ያንኳኳል» አላት። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜድማፕ የተባለ መሣሪያ ሠርተው፣ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የዓለምን አራት ቢሊዮን ያህል የተለመዱ የኢንተርኔት አድራሻዎች አንድ በር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ «እኔን ማን ያውቀኛል?» ማለት አያድንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ከእኔ ሌላ የገባ ሰው መዝገቡ ላይ አላገኘንም። ወዳጄ ግን «ሌባ ከገባ መዝገቡንም ሊሰርዝ ይችላል» ብሎ ፋይሎቻችንን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠን ኡቡንቱን እንደ አዲስ ጫንነው።

ሁለታችን ሆነን እንደገና ስንሠራው

መልሰን እንድንሠራው ያለችው እሷ ናት። ደሞዛችን ተደምሮ ወር እንደማያደርሰን ታውቃለች፤ የማታ ሥራዬ ያስፈልገናል። «ግን እየነገርከኝ፣ እያየሁ» አለች። ያደረግነውን በተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ምን እንደሚያስፈልገኝ ጠየቀችኝ። «ፋይል» አልኳት። «ታዲያ ለፋይል ብለህ ነው እንዴ ስክሪኑን ሁሉ የከፈትከው?» አለችኝ። ይህንን ነርሷ ጠየቀች፣ ዲዛይነሩ አላሰበውም! ለካ ፋይል ብቻ ለማውጣት ኤስኤፍቲፒ የሚባል መንገድ አለ። በኤስኤስኤች በኩል የሚሄድ ነው። ፋይልዚላ ወይም ዊንኤስሲፒ በተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፋይሉን መርጣችሁ ትጎትታላችሁ። ስክሪን አያሳይም፤ የኢንተርኔት ፍጆታውም በጣም ያነሰ ነው። ዛሬ እኔ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን የምጠቀመው ይሄንን ነው። አንድ ማንኪያ ለማውጣት የቤቱን ግድግዳ አፍርሼ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ለየራሳችን መግቢያ ከፈትን። ሴቲንግ ውስጥ «ዩዘርስ» በሚለው ቦታ እሷ በራሷ ስም፣ በራሷ የይለፍ ቃል ትገባለች። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ የአንዱን ማኅደር ሌላው ተራ ተጠቃሚ እንዳያይ አድርጎ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ ሳልደብቃችሁ፣ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ሰው ግን ቢፈልግ ሁሉንም መክፈት ይችላል። ይህንንም ነገርኳት። ስለዚህ ሁለታችንም አስተዳዳሪ ሆንን። መዝገቡ እንዴት እንደሚነበብም ተማረች። ማን መቼ እንደገባ አልፎ አልፎ ታያለች። እኔም ትይ እላለሁ።

ሦስተኛ፣ «ዴስክቶፕ ሼሪንግ» የሚለውን አጥፍተን «ሪሞት ሎግኢን»ን አበራን። ይህ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ከኡቡንቱ 24.04 ጋር የመጣ ነው። አሁን ስክሪኑን ማየት ሲያስፈልገኝ የምገባው በራሴ መግቢያ ነው። እሷ ቤት ቁጭ ብላ የራሷን ስትሠራ የእሷ ስክሪን ለእኔ አይታይም፣ የእኔም ለእሷ አይታይም። የስክሪን መቆለፊያውም ተመልሶ በራ። ለርቀት መግቢያው የሚሰጠው ስምና የይለፍ ቃል ከራሳችሁ መግቢያ የተለየ ቢሆን ጥሩ ነው። ቪኤንሲ የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ የድሮው ዓይነት የቪኤንሲ የይለፍ ቃል የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት ብቻ ነው። ሃያ ፊደል ብትጽፉ አሥራ ሁለቱ ከንቱ ናቸው። እሱን ብቻ አምናችሁ ወደ ኢንተርኔት አታውጡት።

አራተኛ፣ ራውተሩ ላይ የከፈትኳቸውን ሁለቱንም በሮች ዘጋናቸው። «ታዲያ በምን ትገባለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ዋየርጋርድ የሚባል መንገድ አለ። ሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የተቆለፈ የግል መተላለፊያ ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አብሮ ተካቷል። ጠባዩ ደስ ይላል፤ የማያውቀው ሰው ቢያንኳኳ «ማነው?» እንኳ አይልም፣ ዝም ነው። እሱን በእጅ ማስተካከል ለከበደው ታይልስኬይል የተባለ፣ በዋየርጋርድ ላይ የተሠራ አገልግሎት አለ። ለግል ተጠቃሚ በነጻ የሚሰጥበት መንገድ አለው። ቤት ያለው ኮምፒውተርና የእኔ ላፕቶፕ ላይ ጫንነው፣ በቃ። የአገልግሎቱን መግቢያ ግን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቆልፉት፤ እሱ የተሰረቀ ዕለት ቁልፉ ሁሉ ተሰረቀ ማለት ነው።

ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ። ራውተራችሁ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ እናንተም ከተጋሪዎቹ ናችሁ። እንዲያ ከሆነ ራውተር ላይ በር ብትከፍቱም ከውጭ የሚመጣው አያገኛችሁም። ታይልስኬይል ግን በዚያም ውስጥ መንገዱን ያገኛል።

አምስተኛ፣ ለኤስኤስኤች የይለፍ ቃል መጠቀም ትተን ወደ ቁልፍ ዞርን። ኤስኤስኤች ራሱ የተወለደው በስርቆት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃሎች ሲሰረቁ ታቱ ኢሎነን የተባለ ተመራማሪ ለዚያ መከላከያ ብሎ ሠራው። ቁልፉ ሁለት ግማሽ አለው። አንዱ ግማሽ ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ቢያየው ግድ የለም። ሌላው ግማሽ ግን ላፕቶፓችሁ ላይ፣ እሱም በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይኖራል። ከዚያ በይለፍ ቃል ብቻ መግባትን ትዘጋላችሁ። ያ «ሩት፣ አድሚን፣ ቴስት» የሚለው ሁሉ ዓመት ቢሞክር አይሆንለትም።

ስድስተኛ፣ ከቢሮ ኮምፒውተር ላይ መግባቱን ተውኩት። የተቀመጠውንም የይለፍ ቃል አጠፋሁት። የቢሮ ዕቃ የቢሮ ነው። አለቃ ሳያውቅ ምንም ባትጭኑበት ለራሳችሁም ይበጃል።

ሰባተኛ፣ መብራት! ለእኛ አገር ሰው ይህ ዋናው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢቀር ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚመጣው የባዮስ ገጽ ላይ «መብራት ሲመለስ ራስህ ተነሥ» የሚል ዓይነት ምርጫ በብዙዎቹ ዴስክቶፖች ላይ አለ፤ እሱን አብሩት። ኡቡንቱ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ «ፓወር» ገብታችሁ በራሱ እንዳይተኛ አድርጉት። ስክሪኑን ግን አጥፉት፣ ለምን ይቆጥራል? ዲስካችሁ የተመሰጠረ ከሆነ ግን እወቁት፤ ሲነሣ የይለፍ ቃል ጠይቆ እዚያው ይጠብቃል። ቤት ሰው ከሌለ አትገቡም።

በመጨረሻም ከቤት ሳትወጡ ሞክሩት። ላፕቶፓችሁን ከቤቱ ዋይፋይ አላቅቁና በስልካችሁ ዳታ ግቡ። በቤቱ ዋይፋይ ሠራ ማለት ከውጭ ይሠራል ማለት አይደለም። እኔ ይህንን ያወቅሁት መገናኛ ቆሜ ነው።

እናንተስ?

ይህንን የምታነቡ ወጣቶች አብዛኞቻችሁ ብቻችሁን አትኖሩም። ከእናት ከአባት ጋር፣ ከእህት ከወንድም ጋር፣ ቤት ተጋርታችሁ ከጓደኛ ጋር ትኖራላችሁ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ይቀመጥበታል። «የራሴ ኮምፒውተር ነው፣ ምን አገባቸው?» አትበሉ። ዕቃው የእናንተ ሊሆን ይችላል፤ ፊቱ የተቀመጠችው እህታችሁ ግን የእናንተ አይደለችም። እህታችሁ የሥራ ማመልከቻ ትጽፍበታለች፣ ወንድማችሁ ለሚወዳት ልጅ ልቡን ያፈስበታል።

ስለዚህ ፖርት ከመቁጠራችሁ በፊት ንገሯቸው። «ከውጭ ሆኜ መግባት እፈልጋለሁ፣ በዚህ በዚህ ሰዓት፣ ለዚህ ነገር» በሏቸው። ምልክቷን አሳዩአቸው። «አይሆንም» ካሉ ደግሞ ፋይል ብቻ የሚወጣበትን መንገድ ተጠቀሙ። የሰው ስክሪን ላይ በድንገት ከገባችሁም ዓይናችሁን አንሡና ዝጉት፤ ሁለተኛውን ገጽ ለማየት ወደ ታች አትውረዱ። እኔ ቤት ነገሩን ያበላሸው ያች የማውስ እንቅስቃሴ ናት።

እንደ እኔ አጥፍታችሁ ከሆነ ደግሞ ኬክ አትግዙ። መጀመሪያ ተናገሩ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላሉ እናቶቻችን።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ በጊዜ እገባለሁ። ይህ ደብዳቤውን ሳነብ ያፈርኩበት ሳይሆን በኋላ ተነጋግረን የተስማማንበት ነው። ባለፈው ሳምንት ስገባ ባለቤቴ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ትጽፋለች። ለእህቷ ነው መሰለኝ። ሳልፍ ወደ ስክሪኑ አላየሁም። ቡና ለማፍላት ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ምን እንደጻፈች አላውቅም።

ቸር ይግጠመን!